የናፍጣ ሞተር ጭስ ምን ይነግረናል? ከቀለሙ ባሻገር ስለሚደረግ ምርመራ

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት የተደረገበት።)



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ሁላችንም በየመንገዱ የምናውቀው ነው። ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ዳገት ሲጀምር የመኪናችንን መስኮት የሚያዘጋን ጭስ ነው። ስለዚህ ጭስ በአጭሩ የሚነገር ቀመር አለ፦ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ነጭ ከሆነ ውኃ ገብቷል። ቀመሩን በመማሪያ መጻሕፍት ታገኙታላችሁ፤ በጋራዥም ትሰሙታላችሁ፤ እኔም ለብዙ ዓመታት በክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ። ሐሰት ነው ልል አልመጣሁም። ጎዶሎ ነው ልል ግን መጥቻለሁ፤ ጎዶሎነቱም ሰዎችን ገንዘብና የሥራ ጊዜ ያስከፍላል።

የገለጻዬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የጭስ ቀለም የብልሽቱን ወገን ይጠቁማል እንጂ ብልሽቱን ለይቶ አይነግረንም። ብልሽቱን የሚለየው ጭሱ የሚታይበት ሁኔታ ነው፦ መቼ ይጀምራል፣ መቼ ይጠፋል፣ በምን ያህል ጭነትና በምን ከፍታ ላይ ይበረታል የሚለው። ይህን ለይቶ ሳያውቅ ሞተር የሚፈታ ባለሙያ እየገመተ ነው፤ የግምቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

አንድ የራሴ ስሕተት

ከሃያ አምስት ዓመታት ገደማ በፊት፣ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ በአንድ ጋራዥ በአማካሪነት እሠራ ነበር። በኅዳር ወር፣ ብርድ በበረታበት አንድ ማለዳ፣ በዕድሜ የገፉ ባለንብረት መለስተኛ የጭነት መኪናቸውን ይዘው መጡ። መኪናው ቤተሰባቸው የሚተዳደርበት ነበር። ሞተሩ ሲነሣ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው። እኔም ከበሩ ሳልርቅ ቀለሙን አየሁና፣ «ውኃ እየገባ ነው፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» አልኩ። ሰውዬው፣ «ልጄ፣ ጠዋት ሲነሣ ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ከሞቀ በኋላ ይተወዋል» አሉኝ። ቃላቸው ጆሮዬ ገባ፤ እኔ ግን ልብ አላልኩትም።

ቴስታታው ወረደ። ወደ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ገጹ ተስተካከለ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ተገዛ፤ ሞተሩ ተመልሶ ተገጠመ። መኪናው ሦስት ሳምንት ያህል ቆመ፤ ባለቤቱም ለወጪው ገንዘብ ተበደሩ። መኪናው ከጋራዥ በወጣ ማግስት፣ በማለዳ፣ ያው ነጭ ጭስ ተመለሰ። አስቀድሞ መደረግ የነበረበትን ምርመራ ያደረግነው ያን ጊዜ ነው። ከአራቱ ማሞቂያ ካንዴላዎች ሁለቱ አይሠሩም ነበር፤ አንዱ ኖዝል ደግሞ የመክፈቻ ግፊቱ ላይ ሳይደርስ ያንጠባጥብ ነበር። ሁለቱንም ማስተካከል አንድ ሙሉ ቀን እንኳ አልፈጀም፤ ወጪውም ለቴስታታው ከወጣው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሰውዬው ሲሄዱ፣ «እኔ እኮ ያን ዕለት ነግሬህ ነበር» ብቻ አሉኝ።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እኚህ ሰው ግን አልሸሸጉም፤ ገና ሲገቡ ተናግረዋል። ጭሱ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ መሆኑ ብቻውን ወደ ማስነሻ ሙቀት እጥረት ሊመራኝ ይገባ ነበር። የራዲያተሩ ውኃ ይጎድል እንደ ሆነ ብጠይቅ፣ ጎድሎ እንደማያውቅ በሰማሁ ነበር። ወደ ጭሱ ጠጋ ብዬ ባሸት ደግሞ ዓይን የሚያቃጥለውን ያልነደደ ናፍጣ በለየሁ ነበር። ሦስቱም ምርመራዎች ምንም ዋጋ አይጠይቁም።

ጭስ እንዴት ይፈጠራል?

ወደ ምክንያቶቹ ከመግባታችን በፊት የናፍጣ ሞተርን አሠራር በጥቂቱ እናስታውስ። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን አውግስቡርግ ከተማ በተሳካ ሁኔታ የሞከረው ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ የሚለኮስ አልነበረም። ዛሬም መርሑ ያው ነው። ፒስተኑ አየርን ብቻ ያጨምቃል፤ የጭመቃው ልክ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ14 እስከ 22 እጥፍ ይደርሳል። አየሩ ሲጨመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ናፍጣ በራሱ ለመቀጣጠል ከ200 ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ሙቀት ስለሚበቃው፣ ኖዝሉ በደቃቅ ጠብታ መልክ ሲረጨው በቅጽበት ይቀጣጠላል።

ይህ መቃጠል እንዲሟላ አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ በቂ አየር፤ ሁለተኛ፣ በቂ ሙቀት፤ ሦስተኛ፣ በጊዜው የሚመጣና በደንብ የተበተነ ነዳጅ፤ አራተኛ፣ ሌላ እንግዳ ነገር ያልገባበት ማቃጠያ ክፍል። የጭስ ቀለሞች ከእነዚህ አራት ነገሮች የአንዱ መጓደል ምልክቶች ናቸው። አየር ከነዳጁ ሲያንስ ካርቦኑ ሳይቃጠል ይቀርና ጥቁር ጥቀርሻ ይሆናል። ሙቀት ሲያንስ ወይም ነዳጁ ሲዘገይ ናፍጣው ተንኖ ሳይነድ ይወጣል፤ ከቤት ውጭ ያለው አየር ሲያቀዘቅዘውም ነጭ ጉም ይመስላል። እንግዳው ነገር የሞተር ዘይት ከሆነ ሰማያዊ ጭስ፣ ውኃ ከሆነ ነጭ እንፋሎት እናያለን። ነዳጁ በደንብ ካልተበተነ ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነጭ፣ ሲሞቅና ጭነት ሲበዛበት ጥቁር ሊያጨስ ይችላል። አንድ ብልሽት ሁለት ቀለም ሊኖረው፣ አንድ ቀለምም አምስት ወይም ስድስት ምክንያት ሊኖረው የሚችለው ስለዚህ ነው።

ጥቁር ጭስና የምንኖርበት ከፍታ

አንድ ኪሎ ግራም ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.5 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይህ ግን በወረቀት ላይ ያለው ስሌት ነው። በሲሊንደር ውስጥ ነዳጅና አየር የሚደባለቁበት ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ አየሩ ለሁሉም የነዳጅ ጠብታ እኩል አይዳረስም። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ብዙ ሳያጨስ እንዲሠራ ለእያንዳንዱ ኪሎ ናፍጣ በግምት ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ አየር ማግኘት አለበት።

አሁን ይህን ወደ ሀገራችን እናምጣው። የአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። አንድ ሊትር አየር በባሕር ዳርቻ 1.2 ግራም ያህል ሲመዝን፣ እዚህ ግን ወደ 0.9 ግራም ዝቅ ይላል። ቱርቦ የሌለው ባለ 4 ሊትር ሞተር ውሰዱ፤ ሲሊንደሮቹም አየሩን ሙሉ በሙሉ ይስባሉ እንበል። ሞተሩ በየሁለት ዙሩ በባሕር ዳርቻ 4.8 ግራም አየር ይስባል። ፓምፑ በሙሉ ጭነት 0.24 ግራም ናፍጣ እንዲሰጥ ቢስተካከል፣ ምጣኔው 20 ለ1 ይሆናል፤ ጭሱም ብዙም አይታይም። ያው ሞተር አዲስ አበባ ሲደርስ የሚስበው 3.6 ግራም አየር ነው። ፓምፑ ግን፣ ከፍታን የሚያስተካክል መሣሪያ ከሌለው በስተቀር፣ ያንኑ 0.24 ግራም ይሰጣል። ምጣኔው ወደ 15 ለ1 ይወርዳል። ይህ በወረቀት ላይ ካለው የመጨረሻ ወሰን ጋር ሊነካካ ምንም ያልቀረው ነው፤ በተግባርም ጥቁር ጭስ ማለት ነው።

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በአዋሽና በአዳማ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ የጭነት መኪና በአንድ ጉዞ ከባሕር ጠለል እስከዚህ ከፍታ ይወጣል። ሾፌሩ፣ «በረሃ ላይ ንጹሕ ነበር፤ ወደ ደጋው ስወጣ ማጨስ ጀመረ» ቢላችሁ፣ ምናልባት በሞተሩ ላይ ምንም የተሰበረ ነገር የለም። ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች የአየሩን መሳሳት በከፊል ያካክሳሉ፤ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙትም የነዳጁን መጠን ራሳቸው ይቀንሳሉ። አሮጌ ሜካኒካዊ ፓምፕ ያላቸው ግን በእጅ ካልተስተካከሉ ያጨሳሉ። ስለዚህ ጥቁር ጭስ ስታዩ ከምትጠይቋቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ፣ «ይህ መኪና የት ነው የሚሠራው? ፓምፑስ የት ተስተካከለ?» የሚል ይሁን።

ከፍታውን ከለየን በኋላ ሌሎቹን ምክንያቶች በሁኔታቸው እንለያቸዋለን። ጥቁሩ ጭስ ፔዳሉ ሲረገጥ ብቅ ብሎ ወዲያው የሚጠራ ከሆነ፣ ቱርቦው ፍጥነት እስኪያገኝ ድረስ ያለው መዘግየት ሊሆን ይችላል፤ በአሮጌ ሞተሮች ላይ ጥቂቱ የተለመደ ነው። በጭነት ላይ ሳይቋረጥ የሚወጣና ከጉልበት መቀነስ ጋር የሚመጣ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ የአየሩን መንገድ ተከተሉ። የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የላላ ወይም የተቀደደ የቱርቦ ጎማ ቱቦ፣ ሲሳብ ወደ ውስጥ የሚሰበሰብ ያረጀ ቱቦ ሁሉም ያው ምልክት አላቸው። ከቱርቦ በኋላ ያለ ቱቦ ከተቀደደ በጭነት ጊዜ የፉጨት ድምፅ ይሰማል፤ በቀዳዳው ዙሪያም የዘይት እርጥበት ይታያል። ማርሚታው ከተደፈነም ሞተሩ መተንፈስ ስለማይችል ያጨሳል። የጭስ ማስመለሻ ቫልቭ ባላቸው ሞተሮች ላይ ቫልቩ ተከፍቶ ከቀረ፣ ንጹሕ አየር የሚይዘውን ቦታ የተቃጠለ ጋዝ ይይዘዋል።

የአየሩ መንገድ ጤናማ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ነው ወደ ነዳጁ የምንሄደው። ኖዝሉ በደንብ ካልበተነ ወይም ካንጠባጠበ ጭሱ ብዙ ጊዜ ከማንኳኳት ድምፅና ከተዛባ ሚኒሞ ጋር ይመጣል። ፓምፑ በቅርቡ ተነክቶ እንደ ሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጉልበት እንዲጨምር ተብሎ የነዳጁ መጠን ከልክ በላይ የተከፈተባቸው ሞተሮች ጥቂት አይደሉም። በመጨረሻም የአነዳድ ጉዳይ አለ። በከፍተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ጤናማ ሞተርም ያጨሳል።

ሰማያዊ ጭስ

ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት መቃጠል ምልክት ስለሆነ ብዙዎች ሲያዩት ወዲያው፣ «ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ» ይላሉ። ፋሻ ማለቁ አንዱ ምክንያት ነው፤ ዘይቱ ግን ወደ ማቃጠያው ክፍል የሚገባባቸው ሌሎች በሮች አሉ። ከፋሻ ለውጥ ጋር ሲነጻጸሩ አብዛኞቹን መዝጋት ርካሽ ነው።

ሞተሩ በሚኒሞ ቆይቶ ፔዳሉ ሲረገጥ፣ ወይም ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ነዳጅ ሲሰጠው፣ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ዘይቱ በቫልቮላዎቹ ጎማ ወይም በቱርቦው በኩል ተንጠባጥቦ ሲጠራቀም ቆይቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ጭሱ ጭነት በጨመረ ቁጥር የሚጨምርና የማያቋርጥ ከሆነ፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈትም ጋዝ በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ፣ ፋሻና ሲሊንደር ይጠረጠራሉ። እዚህም ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሞተሩ የውስጥ ጋዝ መተንፈሻ ከተደፈነ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ምልክቱ ካለቀ ፋሻ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። መተንፈሻውን ማጽዳት የሰዓት ሥራ ሲሆን፣ ፋሻ መቀየር ግን ሞተር ማውረድ ነው።

ቱርቦውን ለመመርመር የአየር ቱቦውን ፍቱና ዘይት ያቆረ መሆኑን እዩ፤ ዘንጉንም በጣት አንቀሳቅሱት። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚመለሰው የዘይት ቱቦ ከተደፈነ ጤናማ ቱርቦም ዘይት ያፈስሳል፤ ስለዚህ ቱርቦ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ቱቦ አጽዱ። የዘይቱን መጠንም ለኩ። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት ያጨሳል። መጠኑ በራሱ እየጨመረ ከሄደ ደግሞ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየገባ ስለሆነ ሞተሩን አቁሙ፤ በጣም የሳሳ ዘይት ተሸካሚ ክፍሎችን ያቃጥላል። ዘይት በብዛት ወደ አየር መሳቢያው ሲገባ ሞተሩ ዘይቱን እንደ ነዳጅ ተጠቅሞ ከቁጥጥር ውጭ ሊፈጥን ይችላል። ያን ጊዜ ቁልፍ ማጥፋት ብቻ ላያቆመው ይችላል፤ የሚያቆመው አየሩን መከልከል ነው።

በከተሞቻችን በብዛት ስለሚገኙት የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮችም አንድ ነገር ልጨምር። ከአቅሙ እጅግ ባነሰ ጭነት ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ጄኔሬተር ሲሊንደሩ በቂ ሙቀት አያገኝም። ነዳጁ ሳይቃጠል ይቀራል፤ ፋሻዎቹ በደንብ አይጠብቁም፤ ከጭስ ማውጫውም ጥቁር ቅባት መሰል ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ ነጭና ሰማያዊ ጭስም ይታያል። ባለቤቱ ሞተሩ ያለቀ ይመስለዋል። ለጥቂት ሰዓታት ተገቢውን ጭነት ማሸከም ብዙ ጊዜ ለውጥ ያመጣል፤ ስለዚህ ይህ ሳይሞከር ሞተሩ መከፈት የለበትም።

ነጭ ጭስ

ከሦስቱም ቀለሞች በጣም የሚያሳስተው ነጩ ነው፤ እኔም የተሳሳትኩት በእርሱ ነው። በቀዝቃዛ ማለዳ ሞተር ሲነሣ ቀጭን ነጭ እንፋሎት መታየቱ ጤናማ ነው፤ ናፍጣ ሲቃጠል ውኃ ይፈጠራልና። ችግር የሚሆነው ሲበዛና ሲቆይ ነው። ያን ጊዜ የውኃን እንፋሎት ካልነደደ ናፍጣ መለየት ያስፈልጋል። የውኃ እንፋሎት ከማውጫው ጥቂት ርቆ በአየር ውስጥ ይጠፋል፤ ዓይን አያቃጥልም። ያልነደደ ናፍጣ ግን በአየሩ ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ ይሸታል፤ ዓይን ያስለቅሳል። ከውኃው ጋር የተደባለቀው የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ደግሞ ጣፋጭ የሚመስል ሽታ አለው።

ውኃ ነው ከተባለ ራዲያተሩ ይመስክር፦ ውኃው ይጎድላል? ሞተሩ ሲሠራ ያለማቋረጥ አረፋ ይታያል? ዘይቱ ወተት መስሏል? እነዚህ ሁሉ ከሌሉ ቴስታታውን ለማውረድ ምክንያት የለም። ራዲያተሩ በጋለ ጊዜ ክዳኑን እንዳትከፍቱ ግን አደራ፤ የምትመለከቱት ሞተሩ ሳይሞቅ ክዳኑን ከፍታችሁ ነው።

ያልነደደ ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ጊዜውን እንጠይቃለን። ሲነሣ ብቻ ታይቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ማሞቂያ ካንዴላዎች፣ ደካማ ባትሪና ቀስ ብሎ የሚያዞር ሞተሪኖ፣ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ይጠረጠራሉ። በደጋ ይህ ችግር ይበረታል፤ የሳሳ አየርና ብርድ ተባብረው ነዳጁ የሚቀጣጠልበትን ጊዜ ያዘገዩታልና። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የሚቀጥል ከሆነ የነዳጁ መርጫ ጊዜ ዘግይቶ እንደ ሆነ፣ አየር ወይም ውኃ ወደ ነዳጁ ገብቶ እንደ ሆነ፣ ወይም የአንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ወድቆ እንደ ሆነ ይመረመራል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

እስካሁን ያልኩትን ወደ ሥራ ለመለወጥ አንድ ደንብ ይበቃናል፦ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው፣ ከማያስፈታው ወደሚያስፈታው መሄድ። በዚህ ደንብ መሠረት ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

1. ሾፌሩን መጠየቅ። መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ተሠራ? ነዳጅ የት ተቀዳ? ጭሱ ሲነሣ ነው፣ ሲሞቅ ነው፣ ዳገት ላይ ነው? ዘይት ወይም ውኃ ይጎድላል?

2. ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በራስ ዓይን ማስነሣት። ሞቆ የመጣ ሞተር የማስረጃውን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎታል።

3. ማየት፣ ማሽተትና መለካት። የዘይትና የውኃ መጠን፣ የአየር ፊልትሮ፣ ቱቦዎች፣ መተንፈሻዎች፣ በነዳጅ ፊልትሮው ሥር የተጠራቀመ ውኃ።

4. የትኛው ሲሊንደር እንደ ሆነ መለየት። በአሮጌ ሜካኒካዊ ፓምፕ ላይ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የየኖዝሉን የነዳጅ ቧንቧ በተራ ማላላት ይቻላል፤ ጭሱ የጠፋበት ሲሊንደር ጥፋተኛው ነው። ይህን ግን በኮመን ሬል ሞተር ላይ ፈጽሞ አታድርጉ። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ሊሆን ይችላል፤ የሚወጣውም ነዳጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። እጅ እስከ መቆረጥ የሚያደርስ ጉዳት ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ሲሊንደሮቹ በኮምፒውተር አማካይነት በተራ ይዘጋሉ።

5. ኖዝሎቹን አውጥቶ በመሞከሪያ መሣሪያ ላይ መፈተሽ፤ ከዚያም ኮምፕሬሽን መለካት።

6. በአየር ግፊት የማፍሰስ ሙከራ። ፒስተኑ ላይ ሲደርስ የተጨመቀ አየር ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። አየሩ በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻ ነው፤ በጭስ ማውጫው ከወጣ የማስወጫ ቫልቮላ፣ በአየር መሳቢያው ከወጣ የማስገቢያ ቫልቮላ ነው። ራዲያተሩ ላይ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው።

ሞተር ስለ መክፈት የሚነሣው ጥያቄ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ስለ አምስተኛው ተራ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የኮምፕሬሽን መለኪያ ቁጥሮች በአምራቹ መመሪያ ላይ ሲሰፍሩ ብዙ ጊዜ የባሕር ጠለልን አየር ታሳቢ ያደርጋሉ። በባሕር ዳርቻ 28 ባር የሚያሳይ ጤናማ ሲሊንደር አዲስ አበባ ላይ ወደ 21 ባር ገደማ ያሳያል፤ የሚጨመቀው አየር ገና ሲገባ በሩብ ያነሰ ስለሆነ ነው። ይህን ያላወቀ ባለሙያ ቁጥሩን ከመመሪያው ጋር አስተያይቶ ጤናማውን ሞተር፣ «አልቋል» ይለዋል። ስለዚህ ቁጥሩን በከፍታው ልክ አስተካክሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው አወዳድሩ። አራቱም እኩል ዝቅ ካሉና ሞተሩ ሲነሣ ችግር ከሌለው፣ ከፍታው ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ብቻ ከወደቀ ግን ችግሩ የሞተሩ ነው። የቤንዚን ሞተር ላይ እንደሚደረገው ሲሊንደር ውስጥ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካትም በናፍጣ ሞተር ላይ አይመከርም። ፒስተኑ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ የተጨመረው ዘይት ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ከበዛም ጉዳት ያደርሳል።

ኮምፒውተሩስ?

ተማሪዎቻችን በተደጋጋሚ፣ «ዛሬ መኪናው ራሱ የስሕተት ኮድ ይሰጣል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል?» ይሉኛል። መመርመሪያው መሣሪያ ጠቃሚ ነው፤ እኛም በቤተ ሙከራችን እንጠቀምበታለን። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሴንሰሮቹ የሚነግሩትን ብቻ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው ይላል፤ ቱቦ ተቀድዶ ነው፣ ቱርቦ ደክሞ ነው ወይስ ፊልትሮ ተደፍኖ ነው የሚለውን ግን ሰው ነው የሚለየው። ኮዱን አይቶ ሴንሰሩን የሚቀይር፣ ቀለሙን አይቶ ቴስታታውን ካወረደው ከእኔ የተለየ ስሕተት አልሠራም። የጥቀርሻ ማጣሪያ የተገጠመላቸው አዳዲስ ሞተሮች ደግሞ የሚታይ ጥቁር ጭስ ጨርሶ ማውጣት የለባቸውም። ካወጡ ማጣሪያው ተሰንጥቋል ወይም ተነሥቷል ማለት ነው። ማጣሪያው ጤናማ በሆነ ጊዜ ግን ጭሱን ደብቆ ስለሚያስቀር፣ ብልሽቱ ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ በመደፈኑ ይገለጣል።

የጭሱን መጠንም በዓይን ከመገመት በመሣሪያ መለካት ይሻላል። የጭስ ጥቁረት መለኪያው በጭሱ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ ምን ያህሉ እንደ ቀረ ይለካል። ለምሳሌ የአውሮፓ የተሽከርካሪ ምርመራ ለአሮጌ ሞተሮች ያስቀመጠው ወሰን ቱርቦ ለሌላቸው በሜትር 2.5፣ ቱርቦ ላላቸው በሜትር 3.0 ነበር። ከጥገና በፊትና በኋላ የተወሰዱ ሁለት ቁጥሮች፣ «አሁን ቀነሰ መሰለኝ» ከሚል ቃል የበለጠ ይታመናሉ፤ ባለንብረቱም የከፈለበትን ውጤት በዓይኑ ያያል።

ለምን ግድ ይለናል?

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህን ጭስ በብዛት የሚተነፍሱት የመንገድ ዳር ነጋዴዎች፣ ትራፊክ ፖሊሶች፣ ረዳቶችና ሾፌሮች፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ መካኒኮችም ናቸው። ለዚህም ነው በቤተ ሙከራችን ሞተር ስናስነሣ በሩን ክፈቱ፣ የጭስ ማውጫውን ቱቦ ወደ ውጭ አውጡ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። አንድ ተሽከርካሪ የአንድ ቤተሰብ ሙሉ ሀብት በሆነበት ሀገር ውስጥ የተሳሳተ ምርመራ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆችን ከትምህርት ቤት ሊያስቀር፣ ሰውን ከዕዳ ሊከት ይችላል። የእኔ ስሕተት ለእኔ የአንድ ቀን እፍረት ነበር፤ ለእኚያ ባለንብረት ግን የሦስት ሳምንት ገቢና የወራት ዕዳ ሆነ።

«እሳት በሌለበት ጭስ የለም» ይባላል። በናፍጣ ሞተር ዘንድ ጭስ እሳቱ አንድ ነገር እንደ ጎደለው ያመለክታል፤ የጎደለውን ፈልጎ ማግኘት የእኛ ሥራ ነው። ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ከቁጥሮቹ የተወሰኑት ቢረሷችሁ አይከፋኝም፤ መጻሕፍት ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። አንድ ነገር ግን ያዙልኝ። መኪናውን ይዞ የመጣው ሰው ከሞተሩ ጋር በየቀኑ የሚውል ነው። ቁልፍ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁት፤ የሚላችሁንም ጻፉት።